ስለ ፓወር ባንክ የሚባለውና በውስጡ ያለው

ፓወር ባንክ ትርጉም ሳይፈለግለት በራሱ ስም ወደ አማርኛ የገባ፣ መብራት በሚመላለስበት ሠፈር፣ በሀገር አቋራጭ አውቶቡስና በአውሮፕላን መንገደኛ ቦርሳ ውስጥ የማይጠፋ ዕቃ ነው። ስለ አጠቃቀሙ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ግን ከሻጭ ወደ ገዥ፣ ከገዥ ወደ ዘመድ በአፍ የተላለፈ በመሆኑ ልኩና ተረቱ ተደባልቀው ይገኛሉ። የስሕተቱም ምንጭ በአመዛኙ ሁለት ነው፦ ገዥው በትልቁ የታተመውን ቁጥር አንብቦ ትንሹን ማለፉ፣ ተጠቃሚውም ዕቃውን ኬሚካል እንደታመቀበት ነገር ሳይሆን እንደ ተራ ቻርጀር ማየቱ።

በሽፋኑ ውስጥ ያሉት አንድ ወይም ከአንድ በላይ የሊቲየም አዮን ሴሎች፣ እንዲሁም የሚገባውንና የሚወጣውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ትንሽ ቦርድ ናቸው። ሴል ማለት ሁለት ስስ ንብርብሮች በመካከላቸው ቀጭን ፕላስቲክ ተደርጎ የተጠቀለሉበት፣ በቀላሉ እሳት በሚይዝ ፈሳሽ የራሰ የባትሪ አሃድ ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ለመፈጠሩ መሠረት የጣሉት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በስፋት ከሚታመኑት ነገሮች የመጀመሪያው ባለ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞላል የሚለው ሲሆን፣ ይህ ሳይሆን ሲቀር ብዙ ገዥ ሻጩ እንደሸወደው ያምናል። ይሁንና ሚሊአምፔር ሰዓት የኃይል መለኪያ አይደለም። ኃይሉ የሚታወቀው ቁጥሩ በቮልቴጅ ሲባዛ ነው፤ የሊቲየም አዮን ሴል በአማካይ 3.7 ቮልት ስለሚሰጥ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ወይም 10 አምፔር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። ፓወር ባንኩ ግን ለስልኩ የሚያቀብለው ቢያንስ በ5 ቮልት በመሆኑ ቦርዱ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ አለበት፤ ያን ጊዜ የኃይሉ የተወሰነ ክፍል ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ ስልኩም ሲሞላ እንደገና የራሱን ድርሻ ያባክናል። በመሆኑም ከ10,000ው በ5 ቮልት የሚወጣው 6,000 ገደማ ነው፤ ይህም ስልኩን አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ፣ ሁለተኛውን ዙር ደግሞ ለከፊሉ ብቻ ያደርሰዋል። ታማኝ አምራች ይህንኑ ሁለተኛ ቁጥር በጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ያትመዋል። ስለዚህ ግማሽ መንገድ ላይ ያለቀ ፓወር ባንክ ሁልጊዜ ፎርጅድ አይደለም።

እውነተኛው ማጭበርበር የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። በመርካቶም ሆነ በመገናኛ ሱቆች በመዳፍ የሚያዝ፣ 50,000 የሚል ቁጥር የታተመበት፣ ዋጋው ግን ከባለ 10,000ው እምብዛም የማይበልጥ ዕቃ ይቀርባል። ሻጩ ስልክ ሰክቶ የመብረቋን ምልክት ያሳያል፣ ገዥውም «ይሠራል» ብሎ ይከፍላል፤ ምልክቷ ግን ኤሌክትሪክ መውጣቱን እንጂ ምን ያህል እንደተከማቸ አትናገርም። በዚህ ጊዜ ከአንደበት ይልቅ ሚዛን ይታመናል። ብዙ ጊዜ በፓወር ባንክ ውስጥ የሚገባው ክብ ሴል፣ ማለትም 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ ምርጡ እንኳ ከ3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ ክብደቱም ለ50 ግራም ጥቂት የሚጎድለው ነው። 50,000 ለመድረስ እንዲህ ያሉ 15 ሴሎች ያስፈልጋሉ፤ ሽፋኑና ቦርዱ ሳይታሰቡ ወደ 700 ግራም ይጠጋል ማለት ነው። ከጎረቤት ሱቅ የቅመም ሚዛን ተውሶ 250 ግራም የሚመዝን ሆኖ የተገኘ «50,000» ሌላ ምርመራ አያሻውም። በአንጻሩ ክብደት እንዲያነሡ አሸዋ ወይም ብረት የተሞላባቸው ሐሰተኛ ፓወር ባንኮች ተከፍተው የታዩበት ጊዜ ስላለ፣ መቅለሉ ውሸቱን ያጋልጣል እንጂ መክበዱ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም።

የታወቀ ስም ያለው ዕቃ ከአደጋ ነፃ ነው የሚለው እምነትም ከእውነታው ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በሰኔ ወር 2025 እ.ኤ.አ. አንከር የተባለው ታዋቂ አምራች አንድ ዓይነት ባለ 10,000 ፓወር ባንኩን በእሳት አደጋ ሥጋት ምክንያት በአሜሪካ ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ በሚሆን ቁጥር ከገዥዎች እንዲመለስ ጠርቷል። የታወቀ ስም ጥቅሙ ጉድለት አለመኖሩ ሳይሆን፣ ጉድለት ሲገኝ በጀርባው ባለው መለያ ቁጥር ተፈልጎ የሚገኝ ባለቤት መኖሩ ነው፤ ስም የለሹን ዕቃ ማን ይጠራዋል?

ጀርባው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ የተለጠፈበት ፓወር ባንክ ፀሐይ ለማይጎድልበት ሀገር እንደተሠራ ተደርጎ ይሸጣል። በመዳፍ ስፋት ላይ ያለ ሰሌዳ ግን ደማቅ ፀሐይ ላይ እንኳ ከአንድ ወይም ከሁለት ዋት በላይ እምብዛም ስለማያመነጭ፣ 37 ዋት ሰዓት ለመሙላት ብዙ ቀናት ይፈጅበታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ባትሪን የሚያስረጀው ዋነኛው ነገር ሙቀት ሆኖ ሳለ ዕቃው ፀሐይ ላይ እንዲሰጣ መደረጉ ነው። በድሬዳዋ፣ በሰመራ ወይም በገልፍ ሀገሮች በጋ፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከመስታወቱ ሥር የተተወ ፓወር ባንክም በዚያው ጉዳት ላይ ነው።

«ጨርሶ ካላለቀ ቻርጅ አይደረግም» የሚለው ምክር ለቀድሞው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ የተነገረ ነበር፤ ለሊቲየም አዮን ግን ተቃራኒው ይሻላል፣ ለወራት የሚቀመጥም ከሆነ ግማሽ ገደማ ተሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ፈጣን ቻርጀር ስልክን ያቃጥላል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ደረጃውን የጠበቀ ፈጣን ቻርጀር ስልኩ የሚችለውን ጠይቆ ከተስማሙ በኋላ ነው ቮልቴጁን የሚጨምረው።

ለመንገደኛ ከሁሉ የከፋው እምነት ግን «ካልተሰካ ምንም አያደርግም፤ ሻንጣ ውስጥ ይግባ» የሚለው ነው። በሴሉ ውስጥ ሁለቱን ንብርብሮች የሚለየው ፕላስቲክ በፋብሪካ ጉድለት፣ በመውደቅ ወይም በመጨፍለቅ ከተቀደደ ኤሌክትሪኩ በውስጥ ሾርት ያደርጋል፤ የሚፈጠረው ሙቀት ሌላ ሙቀት የሚወልድ የኬሚካል ሂደት ያስነሣል፣ ፈሳሹም ጋዝ ሆኖ ይነድዳል፣ እሳቱ ወደ ቀጣዩ ሴል ይሻገራል። ለዚህ ሁሉ ሶኬትም ሆነ ማብሪያ ማጥፊያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 በለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ቆሞ በነበረ ሰው ባልተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ላይ የተነሣውን እሳት የብሪታንያ መርማሪዎች ያገናኙት አውሮፕላን ሲወድቅ ቦታውን ከሚጠቁም መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ጋር ነበር፤ ባትሪው በኬሚካል ይዘቱ ከፓወር ባንክ የሚለይ፣ ዳግም የማይሞላ ዓይነት ቢሆንም፣ ሥራ ላይ ያልሆነ ባትሪ የሞተ ባትሪ አለመሆኑን ያሳያል።

የአቪዬሽን ደንብ ፓወር ባንክን ከሚመዘነው ሻንጣ አስወጥቶ ወደ እጅ ሻንጣ የሚያስገባውም ለዚህ ነው። አደገኛውን ዕቃ ከሰው አጠገብ ማስቀመጥ ለጊዜው ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን በዕቃ ክፍሉ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ቢያዳክም የሴሉን ሙቀት አያበርድም፣ በዚያም የሚያየው ሰው የለም፤ በተሳፋሪው ክፍል ግን ጭሱ ወዲያው ይታያል፣ አስተናጋጆችም ይደርሳሉ። ከዱባይ ወይም ከጅዳ ለቤተሰብ ስጦታ የተገዙ ፓወር ባንኮች በልብስ መካከል ተሸጉጠው፣ ሻንጣው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ በመፈተሻ ማሽኑ ሲታዩ መጠቅለያው ተቀድዶ ዕቃው የሚወጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

በእጅ ሻንጣም ቢሆን ገደብ አለ፤ እዚህ ላይ ችላ የተባለው የዋት ሰዓት ቁጥር ወሳኝ ይሆናል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአጠቃላይ ይፈቀዳል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከ160 በላይ የሆነው ከመንገደኛ ጋር አይሳፈርም። በዚህ ስሌት 20,000ው 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል፣ 30,000ው ግን 111 ስለሚሆን ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አያልፍም። ያ የውሸት 50,000 ታፔላው በሚለው ሲሰላ 185 ዋት ሰዓት በመሆኑ፣ በውስጡ የረባ ባትሪ ባይኖርም ፈታሹ የሚያምነው ጽሑፉን ነው፤ ገዥው በገዛ ገንዘቡ የሚያስከለክለውን ቁጥር ገዝቷል ማለት ነው።

ዕቃው ካለፈ በኋላ እንደልብ ይሰካበታል የሚለውም እየቀረ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ቡሳን ከተማ ለመነሣት በተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ላይ ከመቀመጫ በላይ ካለው የዕቃ ሣጥን የተነሣው እሳት የአውሮፕላኑን ጣሪያ በልቶታል፤ 176ቱም ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል፣ መርማሪዎችም በፓወር ባንክ ውስጥ የሚገኝ የኤሌክትሪክ መከላከያ መበላሸቱን እንደ ምክንያት ጠቁመዋል። ከዚያ ወዲህ ደቡብ ኮሪያ በላይኛው ሣጥን ማስቀመጥን ከልክላለች፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሳፈሩበት ኤምሬትስም ከጥቅምት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ሰው ከ100 ዋት ሰዓት በታች የሆነ አንድ ፓወር ባንክ ብቻ ፈቅዶ በበረራ ላይ መጠቀምን አግዷል።

አንድ የቀረ ተረት አለ፤ እርሱም የባትሪ እሳት ላይ ውኃ አይፈስስም፣ በጋቢ ይታፈናል የሚለው ነው። ጋቢው ሙቀቱን አፍኖ ያቆየዋል፣ በረዶ ቢደረግበትም እንዲሁ እንደ ሽፋን ሆኖ ሙቀቱን ያቆየዋል፤ ሴሉን የሚያበርደውና ወደ ቀጣዩ ሴል እንዳይሻገር የሚከለክለው በብዛት የሚፈስስ ውኃ ነው። በአውሮፕላን ላይ ፓወር ባንክ ሲግል፣ ሲያብጥ ወይም ሲጨስ መንገደኛው በእጁ ሳይነካው ወዲያው አስተናጋጅ ይጥራ፤ በመቀመጫው ስንጥቅ ውስጥ ከገባበትም ወንበሩን አያንቀሳቅስ፣ የወንበሩ ብረት ሴሉን ሊጨፈልቀው ይችላልና።