ሥሩ ያላለቀ ጥርስ

የ7 ዓመት ልጅ ሲስቅ ከፊት ብቅ ያሉትን ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ያየ ሰው ያለቀላቸው ይመስሉታል። ነጫጭ ናቸው፤ ጠንካራ ናቸው፤ ሸንኮራ አገዳ ይልጣሉ። ከድድ በታች ግን ሥራው ገና አላለቀም። የላይኛው የፊት ጥርስ ከ7 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ድዱን ሰንጥቆ ሲወጣ ከሥሩ የተሠራው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው እስኪሠራ ልጁ 10 ዓመት ገደማ ይሞላዋል። በእነዚህ ዓመታት የሥሩ ግድግዳ ስስ ነው፤ ጫፉም እንደ አዋቂ ጥርስ ጠብቦ አልተዘጋም፣ እንደ ጥሩምባ አፍ ሰፍቶ ይታያል። በዚያ ክፍት በኩል የሚገቡት የደም ሥሮችና ነርቮች፣ በተለምዶ በጥቅሉ «ነርቭ» የምንለው የጥርስ ልብ፣ ሥሩን ከውስጥ እየለሰኑ ያወፍሩታል፣ ያስረዝሙታል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ጥርስ ላይ የሚያርፍ ምት ግድግዳውን ብቻ አይሰብርም፤ ግንበኛውንም ሊገድል ይችላል።

ጉዳዩ የጥቂት ቀበጦች ብቻ አይደለም። በርካታ ጥናቶችን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በሕይወታቸው ጥርሳቸው በአደጋ ተጎድቶ እንደሚያውቅ ገምቷል። ወንዶች ልጆች ከሴቶች ይበልጥ ይጎዳሉ፤ የላይ ጥርሳቸው ወደ ፊት ያፈነገጠ ልጆችም እንዲሁ። ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ፣ ሸቤ፣ ልጅ ዛፍ የሚወጣባቸው፣ ድንጋያማ ሜዳ ላይ ኳስ የሚያሳድድባቸው፣ በባጃጅና በሞተር ብስክሌት መካከል መንገድ የሚሻገርባቸው ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ የእነዚህን ልጆች ጥርስ ዕጣ ከሁሉ በላይ የምትወስነው ሐኪም ዘንድ ከመደረሱ በፊት ያለችው ሰዓት ናት፤ ያቺን ሰዓት ለመጠቀም የሚያስፈልገውን ዋና ዕውቀት ደግሞ የአካባቢው ቡና አምራች ከችግኝ ጋር ሲኖር ተምሮታል።

ጥድፊያ ከሌለበት እንጀምር። ከአደጋዎቹ የሚበዛው መሸረፍ ነው። ጫፉ ብቻ ከተሸረፈ ጉዳቱ ወደ መልክ ያደላል። ስብራቱ ጠልቆ መካከሉ ላይ ቀይ ነጥብ ከታየ ግን የጥርሱ ልብ ተጋልጧል። ችኩል ፍርድ «ነርቩ ተነክቷል፣ ይገደል ወይም ይነቀል» ይላል። ሥሩ ባላለቀ ጥርስ ላይ ይህን መፍረድ ሥሩን ስስና አጭር አድርጎ ማስቀረት ነው፤ እንዲህ ያለ ጥርስ ከዓመታት በኋላ በቀላል ምት አንገቱ ላይ ሊቀነጠስ ይችላል። ስዊድን ውስጥ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም ሚዮሚር ጽቬክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ሥራ ሌላ መንገድ አሳየ፦ ከተጋለጠው ልብ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቆርጦ ቀሪውን በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሸፈነው። ካከማቸው 60 ጥርሶች 96 በመቶው ዳኑ፤ አንዳንዶቹ ከመታከማቸው በፊት ለቀናት ተጋልጠው የቆዩ ነበሩ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የልጅ ጥርስ ልብ ከምናስበው በላይ ታጋሽ ነው፤ ጥርሱ ተሸርፎ በማግስቱ ከሊሙ ገነት ጅማ የደረሰ ልጅም መሽቶበታል ማለት አይደለም። ሽራፊው ከተገኘ ሳይደርቅ ይዞ መሄድ ነው፤ ተመልሶ ሊጣበቅ ይችላል።

የማይታገሠው ጥርሱ ከነሥሩ ተነቅሎ ሲወጣ ነው። ጥርስ እንደ ምስማር አጥንት ውስጥ አልተመታም፤ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ቀጫጭን ክሮች ተዘርግተው ይዘውታል። ጥርሱ ሲነቀል ክሮቹ ይበጠሱና ከፊላቸው ሥሩ ላይ ይቀራሉ፤ ሕዋሶቻቸውም ለጊዜው በሕይወት አሉ። የሚገድላቸው መድረቅ ነው። የዴንማርኩ የጥርስ ሐኪም የንስ ኦቬ አንድሬያሰን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት መልሰው የተተከሉ 110 ጥርሶችን ተከታተለ፦ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሱት 90 በመቶው ላይ ሥሩ ሳይበላ ቆየ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ቆይተው ከተመለሱት 95 በመቶው ላይ ሥሩ ተበላ። በጥርስ አደጋ ሕክምና ዘርፍ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያው ከ60 ደቂቃ በላይ በደረቅ አየር የቆየ ጥርስ ክሮቹ እንደ ሞቱ እንዲቆጠር ይመክራል።

ይህን ለጎማ ወይም ለማና ወረዳ ቡና አምራች ማስረዳት አያደክምም። ችግኝ ከመደቡ ተነሥቶ ወደ ማሳ ሲሄድ ሥሩ ፀሐይ አያየውም፤ አይፋቅም፣ አይራገፍም፤ ቶሎ ይተከላል፣ ካልሆነም ርጥብ ነገር ለብሶ ይጠብቃል። ሥሩ የደረቀበት ችግኝ ለጥቂት ቀን ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ያታልላል እንጂ አይጸድቅም። የተነቀለ ጥርስም የሚጸድቀው በዚሁ ሕግ ነው። ንጽጽሩ የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ችግኝ አዲስ ሥር ሊያወጣ ይችላል፣ ክሮቹ የሞቱበት ጥርስ ግን ምትክ የለውም፤ አጥንቱ ቀስ በቀስ ሥሩን እየበላ በራሱ ይተካዋል። ስለዚህ ጥርስ ከችግኝ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

እንግዲህ የተነቀለ ቋሚ ጥርስ የሚያዘው በነጩ አናቱ ነው፤ ሥሩ አይነካም። ከቆሸሸ በወተት ወይም በልጁ ምራቅ ለቅለቅ ይደረግና የፊት ገጹ ወደ ፊት መሆኑ ታይቶ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ልጁ ንጹሕ መሐረብ ነክሶ ያቆየዋል። እጅ ካልደፈረ ወተት ውስጥ መክተት ነው፤ የወተት የጨው መጠን ለሕዋስ ተስማሚ ነውና ክሮቹን ለጥቂት ሰዓት ያቆያቸዋል። ወተቱ ያልጎመዘዘና ያልሞቀ ይሁን፤ እርጎና አሬራ አይተኩትም። ወተት ከጠፋ ልጁ ኩባያ ውስጥ ምራቁን ይትፋና ጥርሱ እዚያ ይግባ። ውሃ ሕዋሶቹን አሳብጦ ያፈነዳል፤ ቢሆንም ከደረቅ ኪስ ይሻላል። ከዚያ የሐኪሙ ተራ ነው፦ ጥርሱን ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ ለ2 ሳምንት ያስረዋል፣ ፀረ ተሕዋሲ ያዛል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መሟላቱን ያያል። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ግን ጥርሱ ይቆይ፤ ከጭንቅላት ጉዳት የሚቀድም የለም።

ተቃውሞዎቹ ቀላል አይደሉም። አንደኛው «ሐኪሙ ሩቅ ነው» የሚለው ነው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከጌራ መንደሮች የሚነሣ ደግሞ የበለጠ ይጓዛል። ነገር ግን ርቀቱ የሚያጠናክረው የዚህን ጽሑፍ ክርክር ነው፦ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ከበለጠ በአንዱ ሰዓት ውስጥ መደረግ ያለበት እዚያው ሜዳው ላይ መደረግ አለበት። ሁለተኛው «ቆሻሻ የነካው ጥርስ መግል ያመጣል» የሚል ነው። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ይሁንና ለመግል መድኃኒት አለው፣ ለደረቀ ክር የለውም። ሦስተኛውና ጠንካራው «መልሰው ቢተክሉትም ከዓመታት በኋላ መውደቁ አይቀርም» ይላል። ብዙዎቹ በርግጥ ይወድቃሉ። ሆኖም ሰው ሠራሽ ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ዕድገት ካበቃ በኋላ ነው። ለ8 ዓመት ልጅ እስከዚያ ያለው ጊዜ ከ10 ዓመት አያንስም፤ በዚህ መሃል ጥርስ የሌለበት አጥንት ይሟሽሻል። ለጥቂት ዓመታት የቆየ ጥርስ እንኳ አጥንቱን ጠብቆ ያስረክባል። ደግሞም ጫፉ ክፍት የሆነ ሥር ተስፋ አለው፤ አንድሬያሰንና ባልደረቦቹ በተከታተሏቸው ሥራቸው ያላለቀ ጥርሶች ከሦስቱ በአንዱ ያህል ደም ሥር ተመልሶ ገብቷል። ስለዚህ ሐኪሙ የሥር ሕክምና ሳይጀምር መጠበቁ ቸልታ አይደለም። ቤተሰቡም «አያመውም» ብሎ ክትትሉን መተው የለበትም፤ የጥርሱ ልብ ሳያም ሊሞት ይችላል፣ ቢያንስ ለ5 ዓመታት በየዓመቱ መታየት ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። የወተት ጥርስ ሲነቀል አይመለስም። ከሥሩ በስተኋላ ቋሚው ጥርስ እየተሠራ ነው፤ የላይኛው የፊት ጥርስ አናት መጠንከር የሚጀምረው ሕፃኑ 3 ወይም 4 ወር ሲሆነው ሲሆን እስከ 4 እና 5 ዓመት ይቀጥላል። ስለዚህ የ2 ዓመት ልጅ ወድቆ የወተት ጥርሱ ወደ ድዱ ቢሰጥም ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ በቋሚው ላይ ቡናማ ጠባሳ ወይም ጥመት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። «የወተት ጥርስ መውደቁ አይቀር» የሚለው አባባል ከሥር ያለውን ይረሳል። ይህን እርሳታ በእጅ የሚያባብሰው ደግሞ በአገራችን ግግ ማስወጣት ወይም የወተት ጥርስ ማስነቀል የሚባለው ልማድ ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው በድዱ ሥር ነጣ ብሎ ያበጠው ገና ያልወጣ የክራንቻ ጥርስ እንደ በሽታ ተቆጥሮ በስለት ይወጣል። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት የጠፉ የወተት ክራንቻዎችንና አብረዋቸው የተበላሹ ጥርሶችን መዝግቧል። «ካወጡለት በኋላ ተሻለው» ይባላል፤ አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ በጥቂት ቀን በራሱ ይቆማል፣ ምስጋናውን ግን ስለቱ ይወስዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ ሕፃን ላይ የአካል ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል።

ታዲያ ይህን ዕውቀት ማን ያድርሰው? ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ከመሠረቶቹ አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ተማሪዎችን ወደ ማኅበረሰቡ መላክን የትምህርቱ ምሰሶ አድርጎ ነበር። መንገዱ አለ፤ የሚጫንበት መልእክት አጭር ነው፦ በነጩ ያዝ፣ አትፋቅ፣ መልስ፣ ካልቻልህ ወተት፤ በአፋን ኦሮሞ «ኣናን» ተብሎ የሚነገር። መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባው የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ጥርስ በብዛት የሚነቀልበት ዕድሜ በእጁ ላይ ያልፋልና። የሚለምደው ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፦ አንዱ ባጃጅ ሊጠራ ሲሮጥ ሌላው ተንበርክኮ ሳሩ ውስጥ ጥርሱን ይፈልግ።