እኛ ባንጓዝም ልካችን ይጓዛል



ባለፈው ወር ከካኩማ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አውጥቼ አንድ ተማሪዬን ናይሮቢ ይዤ ሄጄ ነበር። ልጁ ከጉልበቱ በታች እግር የለውም። ሰው ሠራሽ እግር ለማሠራት በጄሶ ልኩን ወሰዱና "ለሙከራ ተመለሱ" አሉን። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ የአውቶብስ ገንዘብ! ቀጠሮው ደግሞ ከፈተናው ሳምንት ጋር ገጠመ።

ማታ ሁርሊንግሃም አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ቁጭ ብለን ስናማርር፣ ኮምፒውተር የሚማረው የአክስቴ ልጅ ስልኩን በክንዴ ዙሪያ አዞረው። ትንሽ ቆይቶ ክንዴ ስክሪኑ ላይ ሲሽከረከር አየሁት። ስሪዲ ስካን የሚሉት ይሄ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃል። ብርሃኑ ቆዳ ላይ አርፎ ሲመለስ የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ያሰላል። ዙሪያውን ስትዞሩ ነጥቦቹ ተገጣጥመው የአካሉን ቅርጽ ይሰጣሉ። ድሮ መሣሪያው በጣም ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ማይክሮሶፍት ኪኔክት የተባለውን የጌም ካሜራ በ150 ዶላር ለገበያ አወጣ፤ ተመራማሪዎችም ሰውነት መለኪያ አደረጉት። ከ2020 ጀምሮ አንዳንድ አይፎኖች ርቀት የሚለካ ሌዘር አላቸው። ለሰው ሠራሽ እግር ግን ከስልክ ይልቅ ጥራት ያለው የእጅ ስካነር ይመረጣል።

ለእኛ ትልቁ ነገር ስካኑ ፋይል መሆኑ ነው። ባለሙያ ካምፕ ድረስ መጥቶ ይለካል፣ ፋይሉ በኢንተርኔት ይላካል፣ ሌላ ከተማ ያለ ባለሙያ ቅርጹን በኮምፒውተር ያስተካክላል፣ በስሪዲ ፕሪንተር ይሠራል። ሂውማኒቲ ኤንድ ኢንክሉዥን የተባለው ድርጅት በሰሜን ኡጋንዳ ላሉ ስደተኞች በዚህ ዘዴ ሠርቷል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንም ዮርዳኖስ፣ አማን ውስጥ በጦርነት እጃቸውን ላጡ ሰዎች እንዲሁ አድርጓል።

ተአምር ግን አይደለም። ስካን ቆዳን እንጂ አጥንትን አያይም፤ የሚያመውን ቦታ ባለሙያ በእጁ ዳስሶ ነው የሚያውቀው። እግሩ ሲገጠምም ማስተካከልና መለማመድ አለ። ልጅ ሲያድግ ደግሞ እንደገና ይለካል። ጉዞውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ስለዚህ ክሊኒክ ስትሄዱ "በስካን መለካት ይቻላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከተለካችሁም ፋይሉን ማን እንደሚያስቀምጠው ጠይቁ፤ የገዛ ገላችሁ ነውና።

ስንመለስ አውቶብስ ላይ ተማሪዬ "ቲቸር፣ እንደዛ ቢለኩኝ ኖሮ ፈተናው አያመልጠኝም ነበር አይደል?" አለኝ። "አዎ" ነው ያልኩት።