አዶላ፦ ወርቁ ከጭቃው እስኪለይ

ከሐዋሳ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ አፖስቶ ላይ ሁለት ይሆናል። አንዱ በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ ይወርዳል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የሀገረ ሰላምን ብርድና ቀርከሃ፣ የቦሬን ጉምና ገብስ ካቋረጠ በኋላ በደን ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ክብረ መንግሥት ይገባል። አገሬው ከተማዋን አዶላ ይላታል፤ ክብረ መንግሥት የተባለችው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ከእሷ አለፍ ብሎ ሻኪሶ አለ፤ ከሻኪሶ አጠገብ ደግሞ ለገደንቢ። የጉጂ ምድር ወርቅ የሚወጣው በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ነው።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር አዶላ ውስጥ ወርቅ መታጠብ ከጀመረ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ሲዛወር የግዛቱ ስም የሚነሳው በቡናና በወርቅ ነበር። ስለ ቡናው ዛሬም ሐዋሳ ውስጥ የማያወራ የለም። ወርቁን ቆፍረው ስላወጡት ሠራተኞች ግን የሚነገረው ትንሽ ነው። ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የወርቅ ሥራ ዘጠኙ እጅ አፈር መገልበጥና ውሃ መጎተት ነው። ብረቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ፣ ለጥቂት ሰው ብቻ ነው።

የአዶላ ወርቅ መነሻው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዕድሜ ያለው ዓለት ነው። በዓለቱ ስንጥቆች ውስጥ ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ እንደ ጅማት ይጋደማል፤ ወርቁ ያለው እዚያ ነው። ዝናብና ፀሐይ ለዘመናት ዓለቱን ፈረፈሩት፤ ጎርፍም ፍርፋሪውን ወደ ሸለቆዎች አወረደው። የአካባቢው ውሃ ወደ አዋታና ወደ ሞርሞራ ወንዞች ይፈስሳል፤ እነሱም የዳዋን ወንዝ ይቀላቀላሉ። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ተራ አሸዋ ግን ከሁለት እጥፍ ተኩል ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ጎርፉ አሸዋውን ይዞ ሲሄድ ወርቁ ቀድሞ ሰጥሞ ከጠጠሩ ሥር ይቀራል። ደለል ወርቅ የሚባለው ይህ ነው። አዶላ የታወቀችው በእሱ ነው፤ ሠራተኛውም ለግማሽ ምዕተ ዓመት የኖረው በእሱ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መጀመሪያ ቦታው ይፈተሻል። ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ ከሥሩ የተገኘው ጠጠር በገበቴ ይታጠባል፤ ገበቴው ላይ ወርቅ ብልጭ ካለ ሥራው ይቀጥላል። ከዚያ የላይኛው አፈር ይነሳል። አፈሩ አንዳንዴ ጉልበት ድረስ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል፤ ወርቅ ግን የለበትም። ለቆፋሪ ከዚህ የሚከፋ ሥራ የለም፤ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ የሚጥለው ነገር ዋጋ አያወጣም። ወርቅ ያዘለው ጠጠር የሚገኘው ከሥር፣ ዓለቱ ወለል ላይ ነው። ወለሉ ስንጥቅ ካለው ወርቁ እዚያ ይሸጎጣል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ጠጠሩን በአካፋ ዝቆ ብቻ አይሄድም፤ ተንበርክኮ ስንጥቁን በስለት ይፍቃል፣ በእጁ ይጠርጋል።

ጠጠሩ ወደ ማጠቢያው ይጋዛል። ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ በእንጨት ቦይ ይወርዳል፤ የቦዩ ወለል ላይ አጫጭር አግዳሚ እንጨቶች ተመትተዋል። ጠጠሩ ከላይ ሲፈስስ ውሃው ድንጋዩንና አሸዋውን ይነዳዋል፣ ከባዱ ነገር ከአግዳሚዎቹ ኋላ ይቀራል። ቀኑ ሲያልቅ ውሃው ይዘጋና የቀረው ጥቁር አሸዋ ተሰብስቦ ወደ ገበቴ ይገባል። ገበቴውን ማሽከርከር ጥበብ ነው። እጅ ከፈጠነ ወርቁ ይፈስሳል፣ ከዘገየ ደግሞ አሸዋው አይወጣም። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ አሸዋ ይደርቃል፤ ብረት የሆነው በማግኔት ይለቀማል፣ የቀረው እፍ እየተባለ ይበተናል።

አንድ ኪሎ ወርቅ 52 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። አንድ ሜትር ኩብ ጠጠር ግማሽ ግራም ይሰጣል ብለን ብናስብ፣ ለአንድ ኪሎ ወርቅ 2,000 ሜትር ኩብ መታጠብ አለበት። ይህ በክብደት 3,600 ቶን ገደማ ይሆናል። አንድ አካፋ 5 ኪሎ ካነሳ፣ ጠጠሩን አንድ ጊዜ ለማንሳት ብቻ 720,000 አካፋ ያስፈልጋል። ከላዩ የተነሳው አፈር እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ዋጋው በሕግ 0.36 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ ነበር። በዚያ ሒሳብ አንድ ኪሎ ወርቅ 2,800 ብር አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ አካፋ በዚያ ገንዘብ ስናካፍለው፣ አንድ ብር ከ250 አካፋ በላይ ጠጠር ይጠይቃል። የቆፋሪውም፣ የተሸካሚውም፣ የአጣቢውም፣ የዘበኛውም ደመወዝ የሚወጣው ከዚያው ነው። የአዶላ ታሪክ ሲነገር በኪሎና በሚሊዮን ብር ብቻ መነገሩን የማልወደው ለዚህ ነው፤ ቁጥሩን ወደ አካፋ ስንመልሰው ነው ሰውየው የሚታየን።

አገራችን ውስጥ የማዕድን ሠራተኛ ሰፈር መነሻው አዶላ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወለጋ፣ ነጆ ላይ የውጭ ሰዎች የወርቅ ፈቃድ ይዘው ሠርተዋል። በ1918 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እዚያው ወለጋ፣ ከብርብር ወንዝ አጠገብ፣ ዩብዶ ላይ አልቤርቶ ፕራሶ የተባለው ጣሊያናዊ ፕላቲኒየም ማውጣት ጀመረ። ዩብዶ ላይ ፕላቲኒየሙ ያለው ከበሰበሰው ዓለት በላይ ባለው ቀይ አፈር ውስጥ ስለሆነ፣ ሥራው ኮረብታውን ከላይ እየላጡ በውሃ ማጠብ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ሉዊ ዱፓርክ በዚያ ያገኘውን ድንጋይ በወንዙ ስም «ብርብራይት» ብሎ ሰየመው፤ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ዛሬም በዚሁ ስም ያውቁታል።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ማዕድን የማውጫ ሁለት መንገድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ ዩታ፣ ቢንግሃም ካንየን በ1906 እ.ኤ.አ. የእንፋሎት አካፋ ገብቶ የመዳብ ተራራውን መቁረጥ ጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪምበርሊ፣ ሰው በዶማና በአካፋ 240 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የአልማዝ ጉድጓድ ቆፈረ። ጥቁር ሠራተኞቹም አልማዝ እንዳይሰርቁ በአጥር ግቢ ተዘግተው ይኖሩ ነበር። አዶላ በአሠራሩ ለኪምበርሊ ይቀርባል፤ ዋናው መሣሪያ የሰው ጀርባ ነበርና።

የአዶላ ወርቅ በስፋት መሠራት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ መንግሥት ሥራውን በራሱ እጅ ያዘ። ከስደት የተመለሰው መንግሥት ካዝናው ባዶ ነበር፤ ባንክ ማቋቋም፣ የራስን ገንዘብ ማውጣት፣ ከውጭ ዕቃ መግዛት ነበረበት። ወርቅ ደግሞ በየትኛውም አገር የሚመነዘር ገንዘብ ነው። ስለዚህ አካባቢው በጥበቃ ሥር ዋለ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛም ሰፈረበት። ጫካ በነበረው ምድር ላይ ሰፈር፣ ገበያ፣ ጠጅ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተተከሉ። ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ጉራጊኛ በአንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ይሰማ ጀመር። የአገሩ ባለቤት ጉጂ ደግሞ ከብቱን ያሰማራበት የነበረው ሸለቆ በዘበኛ ሲከበብ አየ። ይህ የፈጠረው ቅሬታ ከዚያ ጀምሮ አልተዘጋም።

የሠራተኛው የሥራ ዓመት የሚመራው በዝናብ ነው። ጉጂ ላይ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር። ዝናብ ሲበዛ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ግድግዳው ረጥቦ ይናዳል። ሲጠፋ ደግሞ ማጠቢያው ይቆማል፣ የተቆፈረው ጠጠር ተከምሮ ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚቆም እግር ይላላል፤ ውሃ የቋጠረ አሮጌ ጉድጓድ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል። ለቆፋሪ ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ናዳ ነው። ወርቅ ያዘለው ጠጠር ወደ ጎን ሲሄድ ቆፋሪው ተከትሎት ከግድግዳው ሥር ይገባል፤ ከላዩ ያለው አፈር የሚይዘው ነገር የለውም።

የአዶላን መልክ የለወጠው ለገደንቢ ነው። በደርግ ዘመን ጂኦሎጂስቶች፣ የሶቪየት ባለሙያዎችም ታክለውበት፣ ደለሉ የመጣበትን የዓለት ወርቅ ፍለጋ ገቡ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለገደንቢ ላይ ክፍት ማዕድን ተከፈተ። እዚህ አካፋ ቦታ የለውም። ዓለቱ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ በፈንጂ ይፈነዳል፣ በኤክስካቫተር ተነስቶ በገልባጭ መኪና ይጋዛል። ድንጋዩ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆንና ሳይናይድ በተጨመረበት ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሳይናይዱ ወርቁን ያሟሟዋል፣ ከሰል ይለቅመዋል፣ እቶን አቅልጦ ጡብ ያደርገዋል። ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ጥቂት ግራም ነው። የተረፈው ዝቃጭ ከነመርዙ ግድብ ውስጥ ይከማቻል። በገበቴ ዘመን ሠራተኛውን የሚያሰጋው ከላዩ ያለው አፈር ነበር። አሁን ስጋቱ ከግቢው ውጭ ላለው ሰውም ደረሰ።

ማዕድኑን ሚድሮክ የተባለው ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. በ172 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዛው፤ የሥራ ፈቃዱም ለ20 ዓመት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት ሲታደስ የጉጂ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ልጆቻችን አካላቸው ተጎድቶ ይወለዳሉ፣ ከብቶቻችን ይሞታሉ፣ ውሃችን ተበክሏል አሉ። በግንቦት 2010 መንግሥት ፈቃዱን አገደ፤ ሥራው የቀጠለው ከዓመታት በኋላ ነው። በእኔ እምነት የዚያ ጩኸት ሥር ከሳይናይዱ በፊት ይጀምራል። ሸለቆው በዘበኛ ከተከበበበት ቀን አንስቶ ሕዝቡ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ ኖሯል፦ ከዚህ ወርቅ ለእኛ ምን ቀረ?

ማሽን ከገባ በኋላም ገበቴው አልቀረም። ዛሬም በአዋታና በሞርሞራ ተፋሰሶች በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያመርቱ ብዙዎች ናቸው። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ጠጠሩ በማዳበሪያ ከረጢት ይጋዛል፣ ማጠቡ በአብዛኛው የሴቶች ድርሻ ነው። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ልጅ አዝለው ነው የሚሠሩት። ብልጭታውን ለመሰብሰብ ሜርኩሪ የሚጠቀም ሰውም አለ። ሜርኩሪው ወርቁን ይይዝና በእሳት ሲተን በእንፋሎቱ ያንኑ ሰው ይመርዛል፤ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ የሚሰበስብ ቀላል ዝግ የብረት ዕቃ መኖሩን ግን ብዙዎች አያውቁም። ጉድጓዱንም ቢሆን ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ከመቁረጥ ይልቅ በደረጃ መቁረጥና ከዝናብ በኋላ ወዲያው አለመግባት የቆፋሪን ሕይወት ያተርፋል። ይህን ለማስተማር ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ከሐዋሳ ተነስቶ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነዳ የሚደርስ ባለሙያ ይበቃል።

ሌላው መሠራት ያለበት ጉድጓዱን መልሶ መሙላት ነው። ጉጂ የቡና አገርም ነው፤ የሻኪሶ ቡና ስሙ ውጭ አገር ድረስ የታወቀ ነው፣ ደለል ወርቁና ቡናው ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ መሬት ይሻማሉ። ቁፋሮ ሲጀመር የላይኛው ጥቁር አፈር ከቀዩና ከጠጠሩ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው መከመር አለበት። ወርቁ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ከዚያ ጠጠሩ፣ ከዚያ ቀዩ አፈር ይመለሳል፤ ጥቁሩ መጨረሻ ላይ ይለብሳል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መሬቱ ለዓመታት ሣር እንኳ አያበቅልም። ይህ ሥራ ወርቅ አያስገኝም፤ ስለዚህ ሒሳቡ መታሰብ ያለበት ወርቁ ከመውጣቱ በፊት ነው፣ ከፋዩም ወርቁን የሚወስደው ሰው ነው።