የልጆች የልብ ቫልቭ፦ በበግ መሞከሩና ከአሳማ መሠራቱ

ከጌጃ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. በዶ/ር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው ድርጅት ማዕከሉን የከፈተው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችን ብዙ ልጆችን ለልብ ሕክምና የሚዳርጋቸው (አላህ ያሽራቸውና) በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚያስከትለው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። በሽታው በልብ ውስጥ ደም የሚያሳልፉትን በሮች፣ ቫልቮቹን፣ ያበላሻል።

ቫልቩ የማይጠገን ከሆነ ይቀየራል። ያኔ ወላጅ ይጨነቃል፦ «በእንስሳ ይሞከራል፣ ከአሳማም ይሠራል ይባላል፤ ይፈቀዳል ወይ?» ሁለቱ ግን ለየብቻ መታየት ያለባቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ብረትና ካርቦን የሚሠራው ቫልቭ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ መዋጥና ደምን በየጊዜው ማስመርመር ይጠይቃል። መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ ለሴት ልጅ ነገሩ ይከብዳል። ሌላው ዓይነት ከአሳማ የልብ ቫልቭ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን ይሠራል። ይህኛው በልጆች ላይ ካልሲየም እየተጠራቀመበት ቶሎ ይደርቃል። ሁለቱም ከልጁ ጋር አያድጉም፤ ስለዚህ ልጁ ሲያድግ እንደገና ደረቱ ይከፈታል።

በግ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። በሰው ላይ ዓመታት የሚፈጀው የካልሲየም ክምችት በወጣት በግ ላይ በወራት ውስጥ ይታያል። አዲስ ቫልቭ ለሰው ከመገጠሙ በፊት ብዙውን ጊዜ በበግ ልብ ውስጥ 5 ወር ያህል ይፈተናል። በ2021 እ.ኤ.አ. የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከበግ ቆዳ ሴሎች ያበጁትን ቫልቭ ለጠቦቶች ገጥመው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ስፋቱ ከ19 ሚሊ ሜትር ወደ 25 አደገ። ከጠቦቱ ጋር የሚያድግ ቫልቭ ማለት ነው! ዘዴው ለሰው ከተሳካ ድጋሚ ቀዶ ጥገናን ያስቀራል፤ የአሳማውንም ጥያቄ እንዲሁ።

በመሞከሩ ላይ ሸሪዓ ዝም አላለም። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችውን ሴት ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በማረድ ጊዜ እንኳ ቢላዋው እንዲሳልና እንስሳው እንዳይሰቃይ አዘዋል። ስለዚህ ለሕይወት አስፈላጊ የሆነ ምርምር፣ በማደንዘዣ፣ ያለ አላስፈላጊ ስቃይ ሲካሄድ ይፈቀዳል የሚለው የዘመናችን የብዙ ዑለማዎች አቋም ለእኔ ሚዛን የሚደፋ ነው። ለመዋቢያ ቅባት ሲባል የሚደረገውን ከዚህ ጋር አንድ ማድረግ ግን ይከብደኛል።

አሳማው ጠንከር ይላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ቆዳው እንኳ በመልፋት አይጠራም፤ ስለዚህ «በኬሚካል ተለውጧል» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ይሁን እንጂ በሱረቱል በቀራ 173 ለተገደደ ሰው የተሰጠው ፈቃድ አለ። ኢማም ነወዊም በወሎ በሚቀራው ሚንሃጅ፣ ንጹሕ ነገር አጥቶ የተሰበረ አጥንቱን በነጃሳ ያስጠገነ ሰው ዑዝር እንዳለው ጽፈዋል። ቁልፉ «ንጹሕ ነገር አጥቶ» የሚለው ነው። እናም ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፦ ከከብት የተሠራ ይገኛል? የብረቱስ ለልጄ ይሆናል? መልሱን ይዛችሁ ወደ ዓሊም ሂዱ፤ ያለ ሐኪሙ ቃል የሚሰጥ ፈትዋ ግማሽ ነው።

ሳይጠየቅ የአሳማ ቫልቭ ቀድሞ የተገጠመለት ልጅስ? ማውጣቱ የሚጎዳው ከሆነ አይወጣም፤ ቫልቭን ማውጣት ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ሶላቱም ትክክል ነው።