ባናንና ሌሎች የበግ ጸጉር ሥራዎችን ከብል መጠበቅ

እንደ ሰከላ ባሉ የምዕራብ ጎጃም ደጋዎች ባና በየሌሊቱ ስለሚለበስና ስለሚራገፍ ብል እምብዛም አይደፍረውም። እንደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባሉ ወይና ደጋዎች ግን በሣጥን ታጥፎ ወራት ሲከርም ለጉዳት ይጋለጣል።

የጉዳቱ መነሻ

ጸጉሩን የሚበላው በራሪዋ የብል ቢራቢሮ ሳትሆን ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። ትሉ ጨለማና ማንም የማይነካውን ቦታ፣ በተለይም ላብና ቅባት ያረፈበትን ልብስ ይመርጣል። ሙቀት ዕድገቱን ያፋጥናል።

የመከላከያ ዘዴ

ሀ) በየወሩ ከሣጥን አውጥቶ ማራገፍ፣ እጥፋቱንና ስፌቱን በብሩሽ መጥረግ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት።

ለ) ከማስቀመጥ በፊት ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ። ሙቅ ውሃና ማሸት ጸጉሩን ስለሚያኮማትረው ጫን ጫን እያሉ ውሃውን ማውጣት፣ ዘርግቶም በጥላ ማድረቅ።

ሐ) ፈጽሞ ሲደርቅ ቀዳዳ በሌለው የፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ማስቀመጥ።

በመርፌ እየተወጉ ከጸጉር የሚሠሩ ቅርጻ ቅርጾች ግን ቅርጻቸው ስለሚበላሽ ውሃ ውስጥ አይነከሩም፤ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠረጋሉ።

ማስጠንቀቂያ

ለእህል ጎተራ የሚሸጠውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል በልብስ ሣጥን ውስጥ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። እንክብሉ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በቤቱ የተኙትን ሊገድል ይችላል፤ ማርከሻም የለውም። የልማት ሠራተኞች ስለ ጎተራ ተባይ በሚያስተምሩበት ጊዜ ይህንንም አብረው ሊያስገነዝቡ ይገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም እንክብሉን ለዚህ ተግባር ለሚጠይቅ አባል መስጠት የለባቸውም። ለባና ብሩሽና ፀሐይ ይበቁታል።