ሌንሱ ከተተከለ በኋላ፦ የሞራ ቀዶ ሕክምና የሚያስከትላቸው ችግሮችና የክትትል ጉዳይ



እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 ከመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ የግማሾቹ መንስኤ የዓይን ሞራ ነው። ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ ብዙዎች በማግስቱ ያያሉ። ዛሬ የምንመለከተው ግን ከማግስቱ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ የመጀመሪያውን ሌንስ የተከለው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ነበር። የጦር አውሮፕላን መስኮት ስባሪ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ሲቀር ዓይንን ብዙም እንደማያስቆጣ አስተውሎ፣ ሌንሱን ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ አሠራ። ይሁን እንጂ የሌንሱ ኃይል ከሚገባው በላይ ስለነበረ የመጀመሪያዋ ታካሚ ሩቁን ያለ መነጽር አጥርታ ማየት አልቻለችም። ከቀዶ ሕክምና በፊት ዓይንን በጥንቃቄ መለካት ዛሬም ግድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ከተከላ በኋላ የሚከሰቱትን ዋና ዋና ችግሮች በሦስት ከፍለን እንያቸው።

አንደኛው የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ነው። የሚከሰተው ከስንት አንዴ ቢሆንም ብርሃንን በቀናት ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል። ዓይንን ከቀዶ ሕክምና በፊት በፖቪዶን አዮዲን ማጽዳት ይከላከለዋል። በአውሮፓ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናትም፣ በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ዓይን ውስጥ የሚወጋ አንቲባዮቲክ አደጋውን አምስት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአማራ ክልል ይህ ጥንቃቄ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ይሻል። ትራኮማ የዓይን ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ሲያጥፍ ፀጉሩ የዓይንን የፊት መስታወት ይፍቃል፤ ለኢንፌክሽንም በር ይከፍታል። ስለሆነም አስቀድሞ የሚታረመው ቆቡ ነው፤ ሞራው ቀጥሎ ይወጣል።

ሁለተኛው የሌንስ ከቦታው መንሸራተት ነው። ፕስዩዶኤክስፎልዬሽን የሚባለው፣ በሀገራችን የሞራ ሕሙማን ላይ በብዛት የሚታይ ሁኔታ፣ የሌንሱን ከረጢት አንጠልጥለው የያዙትን ክሮች ያላላል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ከረጢቱ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሊቀደድ ይችላል፤ በደኅና የተተከለ ሌንስም ከዓመታት በኋላ ሊወርድ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚዘወተረው፣ ከሌንሱ ጀርባ ያለው የከረጢት ግድግዳ መደብዘዝ ነው። ሕሙማን «ሞራው ተመለሰ» ይላሉ። ሌንሱ ግን ጥርት ያለ ነው፤ የደበዘዘው ከቀሩት ሴሎች የበቀለ ሽፋን ነው። በሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል። ይህን ያልተነገረው ሰው ግን ሕክምናው ከሸፈ ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱንም ከሕክምና ያስቀራል።

ከደቅ ደሴት በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ለሚመጣ አረጋዊ ተመልሶ መምጣት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመሰናበቱ በፊት፣ አብሮት ባለው ልጁ ፊት፣ እንዲህ ሊነገረው ይገባል፦ ሕመም፣ መቅላት ወይም የእይታ መቀነስ ከታየ በዚያው ቀን ይምጡ፤ ከወራት በኋላ እይታዎ ቢደበዝዝ ደግሞ መፍትሔ አለውና ተስፋ አይቁረጡ። እኛም ሥራችንን በተተከሉት ሌንሶች ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ከዓመት በኋላ በሚያዩት ዓይኖች ቁጥር እንመዝን።