ከአስተማሪነት እስከ ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት

ኖርዌይ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ፣ ክረምቷ ረጅምና ብርቱ የሆነ አገር ናት። ሕገ መንግሥቷ የወጣው በ1814 ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የአገሪቱን ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት ስቶርቲንግ ይባላል፤ ትልቁ ሸንጎ እንደ ማለት ነው። የሚሰበሰበውም በዋና ከተማዋ በኦስሎ ነው።

ሴቶች ወደዚህ ሸንጎ ለመግባት ብዙ ዘመን ጠብቀዋል። በ1911 አና ሮግስታ የተባሉ አስተማሪ በተጠባባቂ አባልነት ገብተው የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሴቶች ሁሉ እንደ ወንዶቹ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1913 ነው። ታዲያ መብቱ ከተገኘ በኋላ ነገሩ ተፈጸመ ማለት ነውን? አልተፈጸመም። በ1945 ምርጫ እንኳ ከ150 ወንበሮች ሴቶች ያገኙት 7 ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ምን ነበር? በኖርዌይ መራጩ ድምፁን የሚሰጠው ለፓርቲ የስም ዝርዝር ነው። ስሙ ከላይ የተጻፈ ይገባል፤ ከታች የተጻፈ ይቀራል። የሴቶች ስም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከታች ነበር። በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ግን መራጩ ከዝርዝሩ ላይ ስም መሰረዝ ይችል ነበር። በ1971 ብዙ መራጮች እርሳሳቸውን አንስተው የወንዶችን ስም ሰረዙ። በኦስሎና በትሮንድሄም የከተማ ምክር ቤቶች ሴቶች በቁጥር በለጡ! እንግዲህ ዝርዝሩን አንብቦ እርሳስ የሚያነሳ ሰው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ እናያለን።

አሁን ወደ አንዲት ሴት ታሪክ እንለፍ። ወይዘሮ ሺርስቲ ኮለ ግሮንዳል በ1943 ተወለዱ። ሥራቸው ማስተማር ነበር። በ1977 የሠራተኛ ፓርቲን ወክለው ከቡስከሩድ ክፍለ ሀገር ለስቶርቲንግ ተመረጡ። በዚያ ምርጫ ከ155 ወንበሮች ሴቶች 37 አገኙ። ምርጫ በየአራት ዓመቱ ነው። ወይዘሮ ሺርስቲ ስድስት ጊዜ ተመርጠው እስከ 2001 ድረስ 24 ዓመት አገለገሉ።

በ1983 ፓርቲያቸው ከሴትም ከወንድም ቢያንስ 40 በመቶ እጩ እንዲኖር ወሰነ። በ1986 ወይዘሮ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ካቢኔ ሲያቋቁሙ ከ18ቱ አባላት 8ቱ ሴቶች ነበሩ። ወይዘሮ ሺርስቲም አንዷ ሆነው የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ሚኒስትርነቱን ያዙ። ከ1988 እስከ 1989 ደግሞ የልማት እርዳታ ሚኒስትር ነበሩ። በኖርዌይ ሕግ ሚኒስትር የሆነ ሰው በምክር ቤቱ ድምፅ አይሰጥም፤ ወንበሩን ተጠባባቂው ይይዝለታል። ሚኒስትርነቱ ሲያበቃ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። እሳቸውም እንዲሁ ተመለሱ።

በ1993 ስቶርቲንግ አፈ ጉባኤው አድርጎ መረጣቸው። ከ1814 ጀምሮ እስከዚያ ቀን 179 ዓመት ሙሉ በዚያ ወንበር ሴት ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ይህ ሥልጣን በክብር ደረጃ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚቆጠር ነው። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። አፈ ጉባኤው ተናጋሪዎችን በተራ ይጠራል፤ ሰዓት ያስከብራል፤ ጸጥታ ያስጠብቃል። ለራሱ ፓርቲ ማድላት አይገባውም፤ ተቃዋሚም እኩል መደመጥ አለበት። ወይዘሮ ሺርስቲ ይህን ኃላፊነት 8 ዓመት ተሸክመውታል።

ከዚህ ምን እንረዳለን? መብት በሕግ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከጽሑፉ እስከ ወንበሩ ያለው መንገድ ረጅም ነው። መንገዱን ያሳጠሩት የመራጮች እርሳስ፣ የፓርቲ ውሳኔና ከአንዱ ምርጫ ወደ ሌላው ሳይታክቱ የሠሩ ሴቶች ናቸው።

ጥያቄዎች
1. በ1971 መራጮች ምን አደረጉ? ውጤቱስ ምን ሆነ?
2. አፈ ጉባኤ ለራሱ ፓርቲ ቢያዳላ ምን ጉዳት ይመጣል?
3. በአካባቢያችሁ ባሉ ስብሰባዎች ሴቶች የመናገር ተራ ያገኛሉን? ተወያዩበት።